የተፈተሸው ጉርሻ

አንድ ሰው ነበረ። ልጁን ይወዳት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ኋላ ሥራውን ስትሰማ «ይህስ አረመኔ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብለህ እንዳታመልጠኝ ነው። ይወዳት ነበር። በል ተቀመጥ።

እዚያ አይደለም፤ እዚህ፣ ፊት ለፊቴ። ልጅህን ተወው፤ ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ የሰጡትን የመክፈልት ዳቦ ይዞ ወይራው ሥር ተቀምጧል፣ የትም አይሄድም። «እማሆይ፣ ልጄ ለሳንባው የታዘዘለትን ክኒን አልውጥ ብሎ አስቸገረኝ። አፍንጫውን ይዤ ብግተው ነውር ነው? በምግብ ውስጥ ብደብቅበትስ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሰምቻለሁ። አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ፈልገህ እንደሆነ ግን ከእኔ አታገኝም። ደሜ ፈልቷል። የሰውየውን ነገር ልንገርህ፣ መልሱን ራስህ ታወጣዋለህ።

ሰውየው የበቅሎ ነጋዴ ነበረ። ከቆላ እየገዛ ወደ ደጋ ያወጣል። የታመመ ከብት መጋት ከእሱ በላይ የሚያውቅ በዚያ አገር አልነበረም። የበቅሎዋን አንገት በክንዱ ያቅፋል፣ አገጯን ወደ ሰማይ ያቀናል፣ የጠርሙሱን አፍ በጉንጯ በኩል ያስገባል፣ ይገለብጣል፣ ጉሮሮዋን በእጁ ያሻል፤ አለቀ። በቅሎዋ ሳትወድ ትውጣለች። ሰው ሁሉ የታመመ ከብቱን እየጎተተ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። «እጁ መድኃኒት ነው» ይሉታል። ሰው በአንድ ነገር ሲመሰገን ያንኑ ነገር በሁሉ ላይ ያደርገዋል። የዚህም ሰው ጥፋት ከምስጋናው ጀመረ።

ይህ ሰው አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረችው፤ ትርንጎ ትባላለች። ስትቦርቅ ውላ ድንገት ትወድቃለች፣ ትንፈራገጣለች፣ አረፋ ትደፍቃለች። የሚጥል በሽታ ነው። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ወደቀችና እናቷ ከጓሮ ሮጣ እስክትደርስ ግራ እጇን እሳት በላው። ጣቶቿ ተጣብቀው ቀሩ። አባቷ ያን ቀን እንደ ሴት አለቀሰ ይላሉ፤ እኔ እንደ አባት አለቀሰ እላለሁ። በማግስቱ በበቅሎ ከፊቱ አስቀምጧት ጤና ጣቢያ ወሰዳት።

ክኒን ሰጧት። በየቀኑ ትዋጥ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ፣ ካቋረጠች ትወድቃለች አሉት። ክኒኑን በመስኮት ያቀበለው ሰው ግን «ይቺ ትንሽ ልጅ እንዴት አድርጋ ትውጠዋለች?» ብሎ አልጠየቀም። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠና «ቀጣይ!» አለ። እግዜር ይይለት።

እኔ ጸበል አጠገብ የምኖር ነኝ። ጸበሉንም ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ እላለሁ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው። እና ክኒኑን የማንቋሽሽ እንዳይመስልህ። ለትርንጎ በእሷና በእሳቱ መካከል የቆመ ነገር ያ ክኒን ብቻ ነበር።

ልጅቱ ግን መዋጥ አልቻለችም። አልፈልግም አላለችም፤ አልቻለችም። ልዩነቱን ስማኝ። ክኒኑን ምላሷ ላይ ታደርጋለች። አባቷ «ቀና በይ! አንጋጥጪ!» ይላታል፣ ታንጋጥጣለች። ውሃ ትጎነጫለች፤ ውሃው ይወርዳል፣ ክኒኑ ይቀራል። ከዚያ ይሟሟል፣ ይመራታል፣ ያስመልሳታል። እናቷ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እባክህ እናለማምዳት» አለችው።

«አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሻት» አላት። «ስንቷን አመለኛ በቅሎ የጋትኩ ሰውዬ ይቺን የምታህል ክኒን ታቅተኛለች?»

ልጁን በጉልበቶቹ መካከል ያዛት። አንገቷን በክንዱ አቀፈ፣ አገጯን ወደ ጣሪያው አቀና፣ አፍንጫዋን ያዘ፣ ክኒኑን ከነውሃው ገለበጠባት። ትን አላት። ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። እናቷ ኡኡ ስትል ለቀቃት። ጎረቤት ደርሶ ጀርባዋን መትቶ መትቶ ክኒኑ ወጣና ልጅቱ ነፍስ ዘራች።

ሰውየው ደነገጠ። መደንገጡ መልካም ነበር። የደነገጠ ሰው ግን ይጠይቃል፤ እሱ አልጠየቀም። ልጁን «ምን ሆነሽ ነው?» አላላትም። ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሶም «ልጄ አልቻለችም፣ ሌላ መላ አላችሁ ወይ?» አላለም። አፈረ። በቅሎ የሚግተው ሰው ልጁ አቃተችው እንዳይባል አፈረ። ስንት ልጅ ነው በአባቱ ክፋት ሳይሆን በአባቱ እፍረት የሚጎዳ! ድንቄም አባወራ!

ምን አልክ? «ለእሷ ብሎ ነው»? አዎ፣ ለእሷ ብሎ ነው። ታንቃ ብትሞትም ለእሷ ብሎ ነበር። ዝም ብለህ ስማ።

ጉልበቱ ሲያቅተው ብልጠት አመጣ። በዚያ ቤት የማዕድ ሥርዓት ነበረ። አባወራው ራሱ ከመቅመሱ በፊት የመጀመሪያውን ጉርሻ ለትንሿ ልጁ ያጎርሳል። ትርንጎ እህል ከቀመሰችበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው። ማዕዱ ሲቀርብ ሮጣ ትመጣለች፣ እጇን ጉልበቱ ላይ ታሳርፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አፏን ትከፍታለች። ዓይኗን ትጨፍናለች አልኩህ። ምን እንደጠቀለለላት አታይም፤ ለምን ብላ ታያለች? አባቷ ነዋ።

ሰውየው ክኒኑን ሰብሮ በቀይ ወጥ ለወሰና በዚያ ጉርሻ ውስጥ ከተተው።

መጀመሪያ ሰሞን ተሳካለት። በርበሬው ምሬቱን ሸፈነው፤ ልጅቱም መውደቋን ተወች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ። ሰው ግን ብልጠቱን ብቻውን መያዝ አይችልም። ለወንድ ልጆቹ ነገራቸው። ለጎረቤት አወራ። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ስትጎርስ ወንድሞቿ እየተጣቀሱ ይስቃሉ። እሷም ሲስቁ ታይና ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራቸው ትስቃለች። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ክኒኑን መደበቁ አንድ ነገር ነው። በራሷ ላይ በሚሳቀው ሳቅ እሷኑ ማሳቅ ግን... አበስኩ ገበርኩ። ቆይ፣ ቁጣዬን ልዋጥ። እኔም የምውጠው አለኝ።

አንድ እሑድ እንግዳ ሲያጫውት ክኒኑን ረሳና የመጀመሪያውን ጉርሻ እንዲሁ አጎረሳት። ትዝ ሲለው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ጠቀለለ። ቸኩሎ ስለነበር ክኒኑን በወጉ አልሰበረውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች፣ አኘከች፣ ቀጥ አለች። ጉርሻውን መዳፏ ላይ ተፋችው፣ በጣቷ ገለጥ አደረገችው፣ ነጩን ነገር አየች። ከዚያ ቀና ብላ ወንድሞቿን አየች። እየሳቁ ነበር። ያን ጊዜ የከረመው ሳቅ ሁሉ ትርጉሙ ገባት። አላለቀሰችም። ግማሿን ክኒን የማዕዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ተነሥታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ከሰው እጅ አልጎርስም አለች። ከአባቷ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ከእናቷም፣ ከአክስቷም። ወተት ሲሰጧት በጣቷ ታማስለዋለች። ቂጣ ሲሰጧት ትፈረፍረዋለች። ያላየችውን አትበላም፤ አይታ እስክትጨርስ ደግሞ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ወንድሞቿ ይጨርሱባታል። ከሳች። ክኒኑማ ከእንግዲህ በየት በኩል ይግባ? በሽታው ተመለሰ። አንዴ ደጃፍ ላይ፣ አንዴ የወንዙ ዳር ወደቀች። እናቷ ምድጃውን በድንጋይ አጥራ፣ ሥራዋን ሁሉ ትታ፣ ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳትነቅል ትውል ጀመር። የተጣበቁትን ጣቶች ባየች ቁጥር ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቀዋለች።

ሰውየውስ ምን አለ? «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» አለ! ለልጄ ብዬ ለፍቼ፣ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እያለ በየደጁ አማት። ጎረቤቱም «እውነትህን ነው፣ የዘንድሮ ልጅ!» እያለ ከንፈሩን መጠጠለት። እስቲ ንገረኝ፣ ማን ማንን ነከሰ? እጅ ነው አፍን የነከሰው! ተረቱን የተረቱት ሰዎች ሁልጊዜ የሚያጎርሱት ስለሆኑ ነው ይህን ያላዩት።

በሚካኤል ዝክር ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። የትርንጎ የክርስትና እናት ከሩቅ አገር መጡ። ልጅቱን ካዩዋት ቆይተዋል፤ ስለ ክኒኑም ምንም አልሰሙም። ማዕዱ እንደተባረከ ሥጋውን ከአይቡ ጋር አድርገው፣ ጥሩ አድርገው ጠቀለሉና «ነይ የኔ እናት፣ በሞቴ» አሉ።

የክርስትና እናት ጉርሻ፣ ያውም በሞቴ ተብሎ! እንዲህ ያለውን እንቢ ያለ ልጅ አይታወቅም። ትርንጎም እንቢ አላለችም። ቀረበች። አፏን ግን አልከፈተችም፤ ያን የተቃጠለ እጇን ዘረጋችና ጉርሻውን መዳፏ ላይ ተቀበለች። ሰው ሁሉ እያየ ገለጠችው። እንጀራውን ዘረጋችው፣ ሥጋውን ከአይቡ ለየችው፣ በሌባ ጣቷ እያንዳንዱን ገለበጠችው። ምስር የምትለቅም ሴት ጠጠር እንደምትፈልገው ነበር የምትፈልገው።

ሴትዮዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?» አሉ።

«ክኒኑ» አለች።

«የምን ክኒን?»

«አባባ የሚደብቀው።»

ሰውየው ከተቀመጠበት ብድግ አለ። በዝክሩ፣ በእንግዳው ፊት፣ በገዛ ልጁ ተዋረደ። ፊቱ ደም መሰለ። ተራመደና እጁን አነሣ።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ልጅ ሊመታ ሲል ምን ያደርጋል? ራሱን ይከልላል፤ ጉንጩን ይሸፍናል። አንተም ልጅ ሳለህ እንዲህ አድርገሃል፣ እኔም አድርጌያለሁ። ትርንጎ ራሷን አልከለለችም። ጉንጯንም አልሸፈነችም። ጉርሻው ከእጇ ወደቀና በሁለት እጇ አፏን ከደነች።

የሰውየው እጅ እንደተነሣ ቀረ። ልጁ ከጥፊው ይልቅ ጉርሻውን እንደምትፈራ ያን ጊዜ አየ። በዚያ እጁ ስንት ዘመን እንዳጎረሳት፣ እንዴት ዓይኗን ጨፍና ትመጣ እንደነበር ትዝ አለው። እጁን አውርዶ እንግዳው ሁሉ እያየው መሬቱ ላይ፣ ከልጁ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ክኒኑን ከኪሱ አወጣና በተዘረጋ መዳፉ ላይ አደረገው።

«ይህ ክኒን ነው» አላት። «መራራ ነው። ደብቄብሻለሁ። ወንድሞችሽንም አስቄብሻለሁ። ከዛሬ ወዲያ አልደብቅብሽም። ግን ካልዋጥሽው ትወድቂያለሽ፣ እሳቱም አለ። የት ላይ ነው የሚያቅትሽ ልጄ?»

ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። ጤና ጣቢያው አልጠየቀ፣ አባት አልጠየቀ፣ ከንፈር የሚመጥ ጎረቤት አልጠየቀ! ልጅቱ እጇን ከአፏ ሳታነሣ ብዙ ቆየች። አባቷ ጠበቃት። በመጨረሻ አገጯን ነካች።

«አንጋጥጪ ስትለኝ ነው» አለች። «እንዲህ ስሆን ይዘጋብኛል።» አገጯን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጋ አሳየችው። ልክ እሱ እንዳስተማራት፣ ልክ በቅሎዎቹን እንደሚያቀናቸው አድርጋ። ያ ሁሉ መከራ አገጭን ወደ ላይ በማቅናት የመጣ ነበር። ለበቅሎ የሚሆነው ለእሷ አልሆነም፤ እሷ ደግሞ ይህን ልትነግረው ከጀመረች ቆይታለች፣ ግን አፏን የሚፈልገው ክኒን ሊያስገባበት እንጂ ቃል ሊሰማበት አልነበረም።

በማግስቱ ሰውየው እፍረቱን ዋጠና ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያ የጠየቃት ነርስም አስረዳችው። «ይህኛው ቢፈጭ ግድ የለውም፤ እያየች በማር ለውሰህ ስጣት። ሲፈጭ የሚጎዳ ክኒን ግን አለ፤ ለሌላ ሕመም ሌላ ሲታዘዝላት ሳትጠይቅ እንዳትሰብር። ለሕፃን በፈሳሽ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፣ መኖሩን ጠይቅ። ስትውጥ ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አገጯን ወደ ላይ አታቅና። አፍንጫ መያዝማ ነፍስ ማጥፋት ነው» አለችው። ይህን ሁሉ ለመስማት አንድ ጥያቄ ይበቃው ነበር። ሳይጠይቅ ሲሰብር የከረመው ክኒን የሚጎዳው ዓይነት ቢሆን ኖሮስ? ያን ጊዜም «ለእሷ ብዬ ነው» ሊል!

ቤቱ ተመልሶ ከልጁ ጋር መለማመድ ጀመረ። በማር የተለወሰውን እያየች ትልሳለች፤ በጎን ደግሞ የዳቦ ፍርፋሪ ይውጣሉ። መጀመሪያ የጤፍ ፍሬ የምታህል፣ ሲለምድላት የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ውሃ እየተጎነጩ። እሱም አብሯት ይውጣል። ስትተፋው አይቆጣም፤ ቁጣው ሲመጣበት ደጅ ይወጣና በቅሎዎቹን ተሳድቦ ይመለሳል። ወንድሞቿ እንዳይስቁ ከለከላቸው። እንዲህ እያሉ ሰነበቱና አንድ ቀን ትርንጎ ክኒኑን ሙሉውን ራሷ ከአባቷ መዳፍ ላይ አንሥታ ዋጠችው። እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው። መውደቋም ቀረ።

ክኒኑ ገባ። ጉርሻው ግን አባቷ እንደተመኘው አልተመለሰም። ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ለትርንጎ ሲጠቀልልላት መጀመሪያ ገልጦ ውስጡን ያሳያታል፣ ከዚያ ይጠቀልለዋል፣ ከዚያ ያጎርሳታል። አግብታ ወልዳ እንኳ፣ በልጆቿ ፊት፣ እንዲሁ ነበር። ሰው ሲስቅበት «ተዉኝ፣ ንስሐዬ ነው» ይላል። እሷም ትጎርስለታለች፤ ትወደዋለችም። ዓይኗን ግን ዳግመኛ አልጨፈነችለትም።

ነገሩ ይህ ነው። አሁን ወደ አንተ ልዙር።

በቅሎ የለኝም አትበለኝ። ያ ሰው አንተ ነህ። ክኒኑ የልጅህን ሳንባ ያክማል፤ ክኒኑን ለልጅህ የሚያደርሰው ግን እጅህ ነው። እጅህ ከታመመ መድኃኒቱ በምን ይድረሰው? መዋጥ ያቃተው ልጅ ይለማመዳል፣ ካልሆነለትም ሌላ መላ አይጠፋም። አባቱን ማመን ያቃተውን ልጅ ግን ወዴት ትወስደዋለህ? ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ? እኔ ጋ ጸበል አለ፤ ለዚያ የሚሆን ጸበል ግን የለኝም።

«ብደብቅበትስ» አልከኝ። ብደብቅበትስ! ገና እንዳልደበቅህበት ሰው! እኔን ልትፈትን ነው ወይስ ራስህን ልትሸነግል? ዞር በልና ልጅህን እየው። ቀስ ብለህ፣ እንዳይደነግጥብህ። ካህኑ ያን ዳቦ ከሰጡት ጊዜ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አፉ አላስጠጋውም። እኔ ሳወራህ እሱ ይፈረፍር ነበር። የመክፈልት ዳቦ! ከእግዚአብሔር ቤት የወጣውን እንኳ እፍኙ ላይ ፈረፈረው። እኔ ገና ልጁን ሳየው ነው ደሜ የፈላ። ምን እየፈለገ ይመስልሃል?

አታልቅስብኝ። እንባህ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ተነሥና ሂድ። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥ፣ ከእሱ ዝቅ በል። ክኒኑን የት እንደምትደብቀው አንተ ታውቃለህ፤ አውጣና በመዳፍህ ላይ አሳየው። የት ላይ እንደሚያቅተው ጠይቀው። እስኪመልስልህም ዝም በል፣ ቢመሽም ዝም በል። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ትወስደዋለህ፣ አፍረህ ያልጠየቅኸውንም ትጠይቃለህ።

ሂድ አልኩህ። ስትቀመጥ ግን ተጠንቀቅ፤ ከእፍኙ የወደቀውን ፍርፋሪ እንዳትረግጠው።